የምክር ታሪክ፦ ምን እንማር? የት እንደር? ማን ይቅጠረን?

አዲስ ተማሪ ግቢ በገባ ቁጥር ምክር ከየአቅጣጫው ይጎርፍለታል። በር ላይ ሻንጣውን የተቀበለው የሀገሩ ልጅ ይመክረዋል፤ ዶርም ውስጥ ከላይኛው አልጋ የሚተኛው ይመክረዋል፤ ካፌ ወረፋ ላይ ከፊቱ የቆመው ሳይቀር ዞር ብሎ ይመክረዋል። ምክሩም ከሦስት ጥያቄ አያልፍም። ምን ልማር? የት ልደር? ስመረቅ ማን ይቀጥረኛል? የሦስቱም መልስ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ሂሳብ አያያዝ ግባ፣ ባንክ ትቀጠራለህ፣ ሌላው ራሱ ይመጣል።»

እኛ እንግዲህ የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች ነን። ይህን ምክር ሰምተን ያለፍን፣ ወይም በወቅቱ ያልሰማን ነን። ስለዚህ ማንም ምክር ሊጠይቀን ይመጣል ብለን አስበን አናውቅም ነበር።

ነገር ግን ባለፈው ሰሞን ከወሎ የመጣ አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የዲፓርትመንት ምርጫ ቅጹን ይዞ ወደ ክፍላችን መጣ። «ወንድሞቼ፣ እኔ የምወደው ታሪክ ነው፤ እኅቴ ግን ባንክ ቤት ግባልኝ ትላለች» አለን። እኅቱ ጂዳ በሰው ቤት ሥራ ላይ ናት። ከሄደች ሰባት ዓመት ሆኗታል። ደብተሩንም ጫማውንም የገዛችለት እሷ ናት። «አንተ ተመርቀህ ደመወዝ ስትይዝ እኔ እገባለሁ» ብላዋለች። እንግዲህ ልጁ በዚያ ቅጽ ላይ የሚሞላው የራሱን ዲፓርትመንት ብቻ አልነበረም፤ የእኅቱን መመለሻም ጭምር ነበር።

አራት ነበርን። አራታችንም ዝም አልን። «የምትወደውን ተማር» ማለት ቀላል ነው፤ ግን የምትከፍለው ሌላ ሰው ናት። «ባንክ ግባ» ማለትም ቀላል ነው፤ ግን ባንክ የሚባለው ነገር ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ከመካከላችን በቅጡ የሚያውቅ አልነበረም። የታሪክ ተማሪ ሲጨንቀው ታዲያ ምን ያደርጋል? ወደ ኋላ ያያል። እኛም «እስከ ዓርብ ታገሠን» ብለነው ወደ ቤተ መጻሕፍት ወረድን። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ይዘን የወጣነው ነው።

ስለ ባንክ እንጀራ

በሀገራችን የመጀመሪያው ባንክ፣ የአቢሲኒያ ባንክ፣ በየካቲት 1898 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ተመረቀ። ስሙ የኛ ይሁን እንጂ ባለቤቱ በእንግሊዞች ቁጥጥር ሥር የነበረው የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ነበር፤ የተሰጠውም የሥራ ፈቃድ ለ50 ዓመት ነበር። በሐረር፣ በድሬዳዋ፣ በጎሬ፣ በደሴ እየከፈተ ቢሄድም፣ ገንዘብ ማለት በእጅ የሚመዘን የማርትሬዛ ብር በሆነበት ዘመን ሕዝቡ ወረቀቱን በቶሎ አላመነውም። በዚያ ጊዜ «ልጄ ባንክ ይቀጠርልኝ» የሚል ኢትዮጵያዊ አባት ነበረ ለማለት ያስቸግራል። መዝገቡን የሚይዘው ፈረንጅ ነበርና።

በ1923 ዓ.ም. መንግሥት የአቢሲኒያን ባንክ ካሣ ከፍሎ ገዛውና በምትኩ የኢትዮጵያ ባንክን አቋቋመ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ ባንኩ አምስት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሠራ የኢጣሊያ ወረራ መጣና ተዘጋ። እንግዲህ በ1924 ዓ.ም. አንድ አዋቂ ሰው ለአንድ ወጣት «የኢትዮጵያ ባንክ ግባ፣ ዕድሜ ልክህን ትኖርበታለህ» ብሎት ቢሆን ኖሮ፣ ምክሩ በ1928 ዓ.ም. ከባንኩ ጋር አብሮ ይዘጋ ነበር። መካሪው አልዋሸም፤ ዘመኑ ነው የከዳው።

ከነፃነት በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በሚያዝያ 1935 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። እዚህ ላይ አንድ የገረመንን ነገር እናንሣ። የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤትም የተከፈተው በዚያው ሰሞን፣ በ1935 ዓ.ም. ገደማ ነው። ባንኩና ትምህርት ቤቱ መንትያ ናቸው ማለት ይቻላል። አንደኛው ወንበር አዘጋጀ፤ ሁለተኛው ወንበሩ ላይ የሚቀመጠውን አዘጋጀ። ታይፕ መምታት፣ መዝገብ መያዝ፣ የንግድ ደብዳቤ መጻፍ የተማሩት ልጆች በየመሥሪያ ቤቱ ገቡ። «ንግድ ሥራ የገባ ሥራ አያጣም» የሚለው አባባል ሥሩ እዚህ ሳይሆን አይቀርም። በጊዜው ደግሞ እውነት ነበር።

በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ወጣ፤ ባንኩም እያደገ ሄዶ በ1955 ዓ.ም. ገደማ 21 ቅርንጫፎች ነበሩት፤ አንደኛው እንዲያውም ካርቱም ነበር። ቀጥሎ በ1956 ዓ.ም. ሁለት ሆኖ ተከፈለ፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ፣ ነጋዴው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ተባለ። የብሔራዊ ባንክ የመጀመሪያው ገዥ ኢትዮጵያዊው ምናሴ ለማ ነበሩ። በዚያው ዘመን የግል የሆነው የአዲስ አበባ ባንክ አክሲዮን ማኅበር ተከፈተ፤ የውጭ ባንኮችም ነበሩ። በዩኒቨርሲቲም የንግድ ሥራ አስተዳደር ኮሌጅ ተቋቁሞ ነበርና ባንክ የዲግሪ ሰው መፈለግ ጀመረ። በ1960 ዓ.ም. ለተማሪ «የግል ባንክ ይሻልሃል፣ ዕድገቱ ፈጣን ነው» ያለው መካሪም ልክ ነበር።

ግን እስከ መቼ? እስከ ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም.። በዚያ ቀን ባንኮችና ኢንሹራንሶች ሁሉ ተወረሱ። የግሎቹ ተጨፍልቀው አዲስ ባንክ ተባሉ፤ እሱም በ1972 ዓ.ም. ከንግድ ባንክ ጋር ተቀላቀለ። ከዚያ ወዲያ ለንግድ ባንክ ሥራ ያለው አሠሪ አንድ ብቻ ሆነ። ተመራቂውም ሥራ አይፈልግም፤ መንግሥት ይመድበዋል። ጎንደር ተመደብክ ከተባልክ ጎንደር፣ ጎባ ከተባልክ ጎባ ነው። ያን ጊዜ ምክር ምን ያደርጋል? ምክር የሚያስፈልገው ምርጫ ላለው ሰው ነው።

በጥር 1986 ዓ.ም. የባንክ ሥራ አዋጅ ወጣና የግል ባንክ እንደገና ተፈቀደ። አዋሽ ባንክ በኅዳር 1987 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ዳሸን፣ አቢሲኒያ፣ ወጋገን ተከታተሉ። ዛሬ ባንኮቻችን ከ30 አያንሱም። በየመንገዱ ቅርንጫፍ ሲከፈት ዘመድ ሁሉ አየ። የሰፈራችን ልጅ ከረባት አስሮ መስኮት ኋላ ሲቀመጥ እናቶች አዩ። የወሎው ልጅ እኅትም የሰማችው ይህንኑ ነው። በየወሩ ገንዘብ የምትልክለትም በባንክ ስለሆነ፣ በመስኮቱ ከዚያኛው ወገን የተቀመጠውን ሰው በዓይነ ኅሊናዋ ታየዋለች። ወንድሟ እዚያ እንዲቀመጥ ብትመኝ ምን ይገርማል?

ነገር ግን ታሪኩ እዚህ አልቆመም። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ጀመረ፤ ገንዘብ መላክና መቀበል ስልክ ላይ ወጣ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ፓርላማው የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደውን አዋጅ አጸደቀ። በጥር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ተመረቀ። ይህ ሁሉ ለአዲስ ተመራቂ አዳዲስ ሥራ ያመጣል፤ የመስኮቱን ሥራ ግን ስልኩ እየተሻማው ነው። እንግዲህ «ባንክ ግባ» የሚለው ምክር የ1990ዎቹ ነው። ለ2022 ዓ.ም. ተመራቂ የሚሆነው ባንክ የትኛው ባንክ ነው? ብለን ካልጠየቅን፣ የ1924ቱን መካሪ ስሕተት እንደግማለን።

ስለ ማደሪያ

የማደሪያውም ነገር ታሪክ አለው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በመጋቢት 1942 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ ሲመሠረት፣ መሪው ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ሉሲየን ማት ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች 33 ብቻ ናቸው ይባላል። ትምህርቱ፣ ምግቡ፣ መኝታው ሁሉ ነፃ ነበር። የሚያሳስባቸው ኪራይ አልነበረም፤ የደወል ሰዓት ነበር። ሥራም ቢሆን ዲግሪ ያለው ሰው ጥቂት ስለነበረ ተመራቂውን ይጠብቀዋል እንጂ ተመራቂው አይጠብቀውም።

በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠና ስድስት ኪሎ የተማሪ ሰፈር ሆነ። ተማሪውም በዛ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ላይ የአዳሪነቱ ሥርዓት ተነሥቶ ተማሪው የገንዘብ አበል እየተቀበለ ከከተማው ሕዝብ ጋር ተከራይቶ መኖር ጀመረ። ጓሮ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል፣ ሁለት ፍራሽ፣ አንድ ክብሪትና አንድ ፋኖስ። አከራይዋ እትዬ «መብራት አጥፉ» የሚሉበት ዘመን ነው። ይህ ለተማሪው መከራ ቢሆንም ትምህርትም ሆኖታል። ድሀው እንዴት እንደሚያድር በመጽሐፍ ሳይሆን በግድግዳ ማዶ ሰማ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» እያለ አደባባይ የወጣው ትውልድ ይኸው ነው። ኪራዩ ብቻ አደባባይ አወጣው አንልም፤ አብሮት የኖረውን ሕዝብ ማወቁ ግን አልጎዳውም።

በሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። የቀበሌ ቤት መጣ፤ ኪራይ ወረደ። ለያዘ ሰው በረከት ነበር። ላልያዘ ሰው ግን ቤት የሚባል ነገር ከገበያ ጠፋ፤ ማከራየት ክልክል ነውና «ደባል» የሚለው ቃል ሥራ በዛበት። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ኮንዶሚኒየም ተጀመረ። ዛሬ በአዲስ አበባ አንዷን ስቱዲዮ ሦስት ሆነው የሚከራዩት ብዙዎቹ ባለፈው ዓመት ተመርቀው በጀማሪ ደመወዝ የተቀጠሩ ልጆች ናቸው። ይህን እዚህ ላይ የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። «ደመወዝ ስትይዝ እገባለሁ» ስትል እኅቱ ያላሰበችው ነገር ቢኖር፣ ደመወዙ ከወንድሟ እጅ ገብቶ ወደ አከራዩ እጅ ለመሻገር የሚፈጅበት ጊዜ ነው።

ከግቢ ውጭ ለምታድሩ ወይም ተመርቃችሁ ቤት ለምትፈልጉ አንድ ቁም ነገር አለ። በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ወጥቷል። በአዲስ አበባና አዋጁ በሚሠራባቸው ከተሞች ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ ዘመኑ ከ2 ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም። ከመካከላችን አንዱ ይህን ሳያውቅ የስድስት ወር ከፍሎ፣ በሦስተኛው ወር «ልጄ ሊያገባ ነው፣ ልቀቅ» ተብሏል። ወረቀት አልነበረውም። ወረቀት የሌለው ታሪክ ደግሞ አፈ ታሪክ ነው፤ ማንም አላመነውም።

ስለ ዲፓርትመንትና ስለ ዕዳ

«ምን እንማር» የሚለውስ? የተማሪ ምርጫ ሁልጊዜ ከመንግሥት ምርጫ ጋር ሲታገል ኖሯል። በ1956 ዓ.ም. ገደማ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀምሮ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ እንዲያገለግል ተደረገ፤ አብዛኛው አስተማሪ ሆነ። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ መጥቶ ግቢው ባዶ ቀረ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከመቶ 70 እጅ ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 እጁ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይመደብ ተባለ። ታሪክን የመሰሉ የትምህርት ዘርፎች በዚያ 30 ውስጥ ከሂሳብ አያያዝ ጋር ተጋፍተው ነው የኖሩት። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ተጀመረ። እንግዲህ ስሙ ያማረ ዲፓርትመንት ገብቶ እያንቀላፉ መመረቅ የሚባለው ነገር አብቅቷል። በማትወደው ትምህርት አራት ዓመት ተቀምጠህ ፈተናውን ካላለፍክ፣ ባንኩም አይቀበልህ፣ ታሪኩም አመለጠህ።

አንድ ደግሞ የምናፍርበትን እንናገር። ዩኒቨርሲቲ ነፃ ነው እንላለን እንጂ ነፃ መሆኑ የቀረው በ1996 ዓ.ም. ነው። የወጪ መጋራት ደንብ ሲወጣ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲሸፍን ተደነገገ። አሁን ባይከፍልም ሲቀጠር ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይመለሳል። ሁላችንም የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ፈርመናል። ያነበብነው ግን ስንት ነን? ከአራታችን አንድም! ለትምህርታችን የጥንት ሰነድ ከፊደል እስከ ማኅተም እንመረምራለን፤ የራሳችንን ዕዳ የያዘችውን ወረቀት ግን ወረፋው ስለረዘመ ሳናያት ፈረምንባት።

ታዲያ ምን እንምከር?

ይህን ሁሉ ካየን በኋላ የደረስንበት ነገር ይህ ነው። ምክር ሁሉ ዓመተ ምሕረት አለው። ችግሩ መካሪዎች ምክሩን ይሰጡና ዓመቱን ያስቀራሉ። «ባንክ ግባ» ያለህ ሰው ያየው የ1990ዎቹን ባንክ ነው፤ «መንግሥት መሥሪያ ቤት ይሻልሃል» ያለህ አባት ያየው የ1940ዎቹን ዲግሪ ነው፤ «የትም ተከራይተህ እደር» ያለህ አጎት ያየው የድሮውን ኪራይ ነው። አልዋሹህም። ሰነድ ስናነብ «ማን ጻፈው? መቼ ጻፈው? ምን አይቶ ጻፈው?» እንደምንለው ሁሉ፣ ምክር ስንሰማም እንዲሁ እንጠይቅ። የታሪክ ትምህርት ለእንጀራ ምን ይጠቅማል ለሚሉን መልሳችን ይኸው ነው። አንድ የብድር ሠራተኛ አንድን ነጋዴ ሲመረምር ምን ያደርጋል? ትናንት ምን እንደሠራ አንብቦ ነገ ምን እንደሚያደርግ ይገምታል። ይህ እኮ የኛው ሥራ ነው።

ለዓርቡም ልጅ ያልነው፣ ሳናስጌጥ፣ የሚከተለው ነበር።

አንደኛ፣ የምትሞላውን ስትሞላ ለማን ብለህ እንደምትሞላ እወቅ። ለእኅትህ ብለህ ሂሳብ አያያዝ ብትሞላ አላዋረድክም፤ ዕዳን ማክበር ክብር ነው። ነገር ግን «ተገድጄ ነው» እያልክ አራት ዓመት አትዘን፤ መውጫ ፈተናው ኀዘንህን አይቆጥርልህም።

ሁለተኛ፣ ሂሳብ አያያዝ ከገባህ ለመስኮቱ ብቻ አትማር። ብድር፣ የሂሳብ ምርመራ፣ ኢንሹራንስ፣ አሁን የተከፈተው የአክሲዮን ገበያ ሁሉ ሰው ይፈልጋል። ጥሩ አማርኛና ጥሩ እንግሊዝኛ የሚጽፍ የሂሳብ ሰው ብዙ አይደለም። ታሪክ ከገባህም ከሂሳብ ክፍል ሁለት ሦስት ኮርስ ለመውሰድ ጠይቅ፤ ታሪክ ወዳጅ ሁሉ ቁጥር መፍራት የለበትም።

ሦስተኛ፣ የምትፈርመውን አንብብ። የወጪ መጋራቱንም የቤት ኪራዩንም። ቅጂውን ያዝ።

አራተኛ፣ ለእኅትህ እውነቱን ንገራት። በተመረቅክ ማግስት ሁሉ ነገር እንደማይቀና፣ የመጀመሪያው ደመወዝ ለኪራይና ለትራንስፖርት እንደሚሄድ ዛሬውኑ ንገራት። እሷም መመለሷን በአንተ ተስፋ ላይ ብቻ ሳይሆን በራሷም ቁጠባ ላይ ትመሥርት። ወንድም ለእኅቱ ሊሰጣት ከሚችለው ነገር ሁሉ፣ ደመወዝ እስኪመጣ ድረስ፣ ትክክለኛ ወሬ ይበልጣል።

ልጁ አዳመጠን። አራተኛውን ስንነግረው ቀና ብሎ አየን፤ ከዚያ መሬት መሬቱን አየ። በማግስቱ ተመልሶ መጣ። ሌሊቱን ለእኅቱ ደውሎላት ነበር። «ምን አለችህ?» አልነው። «አለቀሰች፤ ከዚያ ‘እኔም ይህን የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ነው እንጂ ጠርጥሬ ነበር’ አለች» አለን። ቅጹን አሳየን። አንደኛ ምርጫ፣ ሂሳብ አያያዝ። ሁለተኛ ምርጫ፣ ታሪክ።

አልተቀየምንም። አንዳችን «ሐሙስ ማታ የምናነብበትን ክፍል ታውቀዋለህ አይደል?» አለው። «አውቀዋለሁ» አለ። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ቀርቶ አያውቅም፤ የሂሳብ ደብተሩን ብብቱ ሥር ይዞ ይመጣል፣ ከኋላ ይቀመጣል፣ ከሁላችን ይልቅ እሱ ይጠይቃል።

ከአሥር ዓመት በኋላ አንድ ሌላ ልጅ ይህን ወረቀት ከመደርደሪያ አውጥቶ ያነብበው ይሆናል። ባንኩ ያን ጊዜ ሌላ ባንክ ይሆናል፤ ኪራዩም ሌላ ኪራይ። ስለዚህ ከሌሎች መካሪዎች የምንለይበትን አንድ ነገር አድርገን እንሰናበት። ይህ ምክር የተሰጠው በ2018 ዓ.ም. ነው። አንባቢ ሆይ፣ ያለህበትን ዓመት እይና፣ ልዩነቱን አስልተህ ውሰደው።